የመለያ ምት ዝግጅት፦ ከመሐል ሜዳው ክብ እስከ 11 ሜትሯ ነጥብ

በየክረምቱ በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በሚካሄዱ የሰፈርና የወረዳ የእግር ኳስ ውድድሮች አንድ ዓይነት ሽንፈት ደጋግሞ ይታያል። ልምምድ ላይ ከ10 ምት 9ኙን ከመረብ የሚያገናኝ ተጫዋች፣ ጨዋታው በአቻ ውጤት ተጠናቆ የመለያ ምት ሲመጣ፣ ኳሷን አለስልሶ ለግብ ጠባቂው ያስረክባል፤ አለዚያም ከአግዳሚው በላይ አሳልፎ ከግቡ ኋላ ወዳለው ባሕር ዛፍ ይሰዳታል። ከዚያ «እግሩ ከዳው» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ልጁ የተሸነፈው ግን እግሩ ኳሷን ከመንካቱ በፊት፣ ተራው ከደረሰበት ቅጽበት አንሥቶ ፊሽካው እስኪነፋ ባለው አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ያቺን ደቂቃ ደግሞ በልምምድ ሜዳ ላይ አንድም ቀን አላገኛትም። የሚከተሉት ደረጃዎች እሷን የሚያለማምዱ ናቸው። የተጻፉት ኳስ መምታት ለሚችሉ ተጫዋቾችና ለአሠልጣኞቻቸው ስለሆነ ስለ አመታት ብዙ አይናገሩም።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ገመድ፣ ፊሽካ፣ ደብተርና ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ ነው። ለሥራው 6 ሳምንት መድቡ። ውድድሩ በዚህ ሳምንት ከሆነ ደረጃ 3ን ዝለሉና ደረጃ 2ን በየቀኑ ሥሩ፤ ከምንም ይሻላል።

ደረጃ 1፦ ዒላማችሁን አስቀድማችሁ ቁረጡ

ግቡ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ቁመት አለው፤ ኳሷ የምትቀመጠው ከግቡ መስመር 11 ሜትር ርቃ ነው። በሰከንድ 25 ሜትር የምትጓዝ ኳስ ይህን ርቀት ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ትጨርሰዋለች፤ በሰከንድ 15 ሜትር የምትጓዝ ግን ሦስት አራተኛ ሰከንድ ያህል ስለምትወስድ፣ አቅጣጫውን የገመተ ግብ ጠባቂ ይደርስባታል። ስለዚህ የምትፈልጉት ከጠንካራ ምት ጋር ደጋግማችሁ የምትመቱትን ቦታ ነው። እንዲህ አግኙት።

1. ከእያንዳንዱ ቋሚ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ፣ ከአግዳሚው እስከ መሬት ገመድ አውርዳችሁ እሰሩ።
2. ያለ ግብ ጠባቂ ወደ ቀኝ 10፣ ወደ ግራ 10 ምት በሙሉ ጉልበታችሁ ምቱ። የምትቆጥሩት በገመዱና በቋሚው መሐል ያለፉትን ብቻ ነው፤ መሐል ለመሐል የገባች ኳስ ግብ ብትሆንም አትቆጠርም።
3. 8 እና ከዚያ በላይ ያስገባችሁበት ጥግ ዋና ዒላማችሁ ነው፤ ሌላው ተጠባባቂ ይሁን።
4. በአንዱም ጥግ 8 ካልሞላ ጉልበቱን ጥቂት ቀንሱና ድገሙት። አሁንም ካልሞላ ገመዱን ግማሽ ሜትር ወደ መሐል አስጠጉት እንጂ ምቱን ከዚያ በላይ አታለስልሱ።

ከፍ ብላ ወደ ላይኛው ጥግ የምትሄድ ኳስ ለግብ ጠባቂ እጅግ ከባድ ናት፤ ለመቺውም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሊብረቪል ላይ ዲዲየ ድሮግባ በመደበኛው ሰዓት ያገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት ከአግዳሚው በላይ ሰድዶታል፤ ቡድኑ ኮትዲቯርም በመለያ ምት 8 ለ 7 በዛምቢያ ተሸንፏል። በደረቅ ሜዳ 10 መትታችሁ 8ቱን ከፍታ ላይ ማሳረፍ ካልቻላችሁ ከጉልበት በታች ምቱ።

መሐልን በተመለከተ ተመራማሪው ሚካኤል ባር-ኤሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከተመለከቷቸው 286 ምቶች ውስጥ፣ ግብ ጠባቂዎች ሳይወረወሩ መሐል ላይ የቀሩት በ6.3 በመቶው ብቻ ነበር። ቁጥሩ ያጓጓል። ሆኖም በመንደር ውድድር ግብ ጠባቂው ብዙ ጊዜ ስለሚፈራ ወይም ስለሚዘገይ ቆሞ ይቀራል፤ እኔ መሐሉን ለጀማሪ አልመክርም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ግብ ጠባቂው ወዴት እንደሚወድቅ አይቼ በተቃራኒው እመታለሁ» የሚለውን ስልት ተዉት። በቴሌቪዥን ያያችኋቸው ሰዎች ይህን የሚሠሩት በሺህ ከሚቆጠር ልምምድ በኋላ ነው። የተጨነቀ ሰው ዓይኑ ግብ ጠባቂው ላይ ይጣበቃል፤ ኳሷም ዓይን ወዳለበት ትሄዳለች።

ደረጃ 2፦ የማይለወጥ ቅደም ተከተል ሥሩ

ጭንቀት ሲመጣ አእምሮ ሥራ ፈትቶ ካገኘው ወሬ ይሞላዋል፤ «ብስትስ? ነገ በመንገድ ላይ ምን ይሉኛል?» ይላል። መፍትሔው ከእጅና ከእግር ጋር የታሰረ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ ሥራ መስጠት ነው። የሚከተለውን ሳትቀንሱና ሳትጨምሩ ተለማመዱት።

1. ኳሷን በእጃችሁ ተቀብላችሁ ራሳችሁ አስቀምጧት። ነፋስ የሚሞላባትን ቀዳዳ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አዙሩ። ይህ ምቱን አያሻሽለውም፤ ነገር ግን ዓይናችሁን ከግብ ጠባቂው ላይ አንሥቶ ሥራ ላይ ያውለዋል። ኳሷ የነጥቡን መሐል የነካች ወይም ከመሐሉ በላይ የዋለች፣ የማትንቀሳቀስ መሆኗን አረጋግጡ።
2. ፊታችሁን ወደ ግቡ እንዳደረጋችሁ የኋሊት ሂዱ። እርምጃችሁን ቁጠሩ፤ አራት ከሆነ ሁልጊዜ አራት፣ ወደ ጎን አንድ ከሆነ ሁልጊዜ አንድ። ጀርባችሁን ለግቡ ሰጥታችሁ አትመለሱ፤ ፊት ማዞር ከግብ ጠባቂው ዓይን መሸሽ ነው፤ ስትዞሩ ተመልሶ ይጠብቃችኋል።
3. ቆማችሁ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ በአፍ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አውጡ። ሁለት ጊዜ ይበቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ከጨዋታ በኋላ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም፤ የመጀመሪያው አልሞላ ቢል አታስገድዱት፣ ሦስተኛ ጨምሩ።
4. ዒላማችሁን አንድ ጊዜ፣ ረጋ ብላችሁ እዩት። ከዚያ ዓይናችሁን ኳሷ ላይ፣ እግራችሁ በሚያርፍባት ትክክለኛዋ ቦታ ላይ ትከሉ። ከዚህ በኋላ ቀና ማለት የለም።
5. ለራሳችሁ አንድ አጭር ቃል በሉ፤ «ዝቅ» ወይም «ጥጉን» ይበቃል። «እንዳልስት» አትበሉ፤ እግር ትእዛዝ የሚቀበለው የሚሠራውን ሲነግሩት ነው።
6. ፊሽካው ከተነፋ በኋላ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ውሰዱ፤ ከዚያ ተንደርደሩ።

ስድስተኛዋን ብዙዎች ይዘሏታል። በዓለምና በአውሮፓ ዋንጫዎች የተመቱ የመለያ ምቶችን ያጠናው ኖርዌያዊው ጌር ዮርዴት፣ ፊሽካው እንደተነፋ ወዲያው የሚንደረደሩ ተጫዋቾች ጊዜ ከሚወስዱት ይልቅ የመሳት አዝማሚያ እንዳላቸው አሳይቷል። የቸኮለ ሰው ሊያስገባ ሳይሆን ሊገላገል ነው የሚሮጠው። ፊሽካው ፈቃድ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። እስከ ሁለት ሰከንድ ቆሞ መነሣት ከማንም ዳኛ ጋር አያጋጭም።

ደረጃ 3፦ ልምምዱን አክብዱት

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ለሁለት ክረምት ያህል በየልምምዱ መጨረሻ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ኳስ ደርድሬ በተከታታይ አስመትቼአለሁ፤ ልጆቹ ደስ ብሏቸው፣ እየሳቁ ያስገቡ ነበር። በሁለቱም ዓመት በመለያ ምት ወደቅን። በ20 ውስጥ አንዷ ብትስት ምንም አይደለችም፤ ጨዋታ ላይ ግን ያለችው አንድ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው።

1. ለአንድ ተጫዋች በአንድ የልምምድ ቀን አንድ ምት ብቻ ስጡ። ድጋሚ የለም፤ ቢለምንም።
2. ምቱ የመጨረሻው ከባድ ሩጫ ባለቀ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይሁን።
3. ሁሉም በመሐል ሜዳው ክብ ይቁም፤ መቺው ብቻውን ከ30 እስከ 50 ሜትር ያለውን መንገድ ይራመድ። ሩጫ ክልክል ነው። የምናለማምደው በዋናነት ይህን መንገድ ነው።
4. ከግቡ ኋላ አምስት ስድስት ልጆች አቁማችሁ እንዲጮኹ፣ እንዲያሾፉ፣ ስሙን እየጠሩ እንዲረብሹ ፍቀዱ። ዘርና ቤተሰብ ግን አይነካ።
5. የሳተ ሰው የሚከፍለው ነገር ይኑር፤ ኳሶቹን ተሸክሞ መመለስ ይበቃል። ቡድኑን ሁሉ በእሱ ምክንያት አታስሩጡ፤ ያ ፍርሃትን ያሳድጋል እንጂ አያስለምድም።
6. በደብተሩ ሦስት ነገር ጻፉ፤ ዒላማውን መታ ወይስ አልመታም፣ ከፊሽካው በኋላ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ቅደም ተከተሉን ጠበቀ ወይስ ዘለለ። ግብ መሆኑን አትጻፉ። መጥፎ ምት በመጥፎ ግብ ጠባቂ ላይ ይገባል፤ ደብተሩ እንዳይዋሽ።

ሜዳውንም አብራችሁ ተለማመዱት። በሐምሌና በነሐሴ የብዙዎቹ ሜዳዎቻችን የ11 ሜትር ነጥብ ጉድጓድ ሆና ውኃ ትቋጥራለች፤ የመቺው የቆመ እግር የሚያርፍበት ቦታም ጭቃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሞስኮ ላይ፣ በዝናብ በራሰው ሜዳ፣ የቼልሲው አምበል ጆን ቴሪ ዋንጫውን ልታስገኝለት የምትችለውን ምት ሲመታ የቆመበት እግሩ አንሸራትቶት ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ወጥታለች። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ልምምድ አትሰርዙ። የመጨረሻዋን እርምጃ አሳጥሩ፣ የቆመውን እግር በሙሉ ታኬታው አሳርፉ፣ ደረታችሁን ከኳሷ በላይ አድርጉ። መንደርደሪያውንም ከአምስት እርምጃ በላይ አታስረዝሙ።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የምትወጡ ቡድኖች ብርዱን አትናቁ፤ በክቡ ውስጥ አምስት ደቂቃ ቆሞ የሚጠብቅ ጡንቻ ይገነትራል። ከደጋ ወደ ቆላ ለምትወርዱ ደግሞ ሜዳው ደረቅና ጠንካራ ስለሚሆን፣ የታኬታችሁን መያዝ ከጨዋታው በፊት ነጥቡ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት።

ደረጃ 4፦ ዝርዝሩን ከጨዋታው በፊት ጻፉ (ለአሠልጣኞች)

ባለቀ ጨዋታ መሐል ተሰብስበው «ማን ይመታል?» ብሎ መጠየቅ የውድቀት መጀመሪያ ነው። አንድ ጊዜ ጠይቄ ያየሁትን አልረሳውም፤ አሥራ አንዱም ታኬታቸውን አዩ፣ አንደኛው ታስሮ የነበረውን ክር ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ፣ በመጨረሻ እጁን ያወጣው ልጅ ደፋር ስለነበር ሳይሆን ዝምታው ስላስጨነቀው ነበር።

የደብተሩን መዝገብ ይዛችሁ ከ1 እስከ 11 ጻፉ፤ ግብ ጠባቂውም ይግባበት፣ ምክንያቱም አምስት አምስቱ ምት ካለቀ በኋላ በአቻ ከቀጠለ፣ ሁሉም ሳይመቱ ማንም ሁለተኛ አይመታም። መምታት የሚችሉት ጨዋታው ሲያበቃ ሜዳ ላይ የነበሩ ብቻ ስለሆኑ፣ በተቀያሪ ምትክ የሚገባውንም ሰው አስቀድማችሁ አስቡት። ሕጉ ቅደም ተከተሉን ለዳኛው እንድታሳውቁ አያስገድድም፤ ቢሆንም እናንተው አትለዋውጡት። የመጨረሻ ደቂቃ ለውጥ ለተጫዋቹ «አላመኑኝም» የሚል መልእክት ነው።

ምርጡን መቺ ለአምስተኛ አታስቀምጡት፤ ተራው ሳይደርስ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ይምታ። አምበሉ በመጀመሪያው የሳንቲም ዕጣ ግቡ ሲለይ፣ በሁለተኛው ቀድሞ መምታትን እንዲመርጥ ንገሩት፤ ተከትሎ መምታት እየመሩ ሳይሆን እየደረሱ መጫወት ነው።

ደረጃ 5፦ በዕለቱ

የጨዋታው የመጨረሻ ፊሽካ እንደተነፋ፦

1. ውኃ ተጎንጩ፣ ብርድ ከሆነ ጃኬት ደርቡ። የታኬታችሁን ጭቃ በእንጨት ፋቁ። ይህን ክቡ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ፤ ገምባሌም ቢሆን እዚያው ይጠበቅ።
2. አሠልጣኙ ዝርዝሩን አንብቦ ዝም ይበል። ስለ ዋንጫው፣ ስለ ከተማው ስም፣ ስለ ደጋፊው ማውራት አያስፈልግም። «ቅደም ተከተላችሁን ሥሩ» በቂ ነው። ልጁ «ኮች፣ እግሬ ከበደኝ» ቢል «አይዞህ፣ የሁሉም ይከብዳል፣ ተራመድ» በሉት።
3. ክቡ ውስጥ የምትጠብቁ ተጫዋቾች እግራችሁን አንቀሳቅሱ። ተራው የቀረበ ሰው የሌሎችን ምት ማየት ካስጨነቀው መሬቱን ይመልከት፤ ይህ ነውር አይደለም።
4. ተራችሁ ሲደርስ በዝግታ ተራመዱ። በመንገዱ ላይ ጭናችሁን ለአምስት ሰከንድ ያህል አጥብቃችሁ ጨብጡና ልቀቁ፤ መንቀጥቀጥ ካለ ይቀንሰዋል።
5. ነጥቡ ጋ ስትደርሱ ደረጃ 2ን ከቁጥር 1 ጀምሩ።

አጥር በሌላቸው ሜዳዎች ተመልካች መስመሩ ላይ ይቆማል፤ ባና የደረቡ ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ ከግቡ ቋሚ ጋር የተጣበቁ ሕፃናት በሌላ ወገን። ዓይናችሁ በሚያርፍበት ዒላማ አጠገብ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ካለ ዳኛውን በትሕትና ጠይቃችሁ አስነሡት። ይህን ስትጠይቁ የምታገኟት አሥር ሰከንድም የእናንተው ናት።

ደረጃ 6፦ ነገር ሲበላሽ

ግብ ጠባቂው ኳሷን ቢወረውር ወይም ቢያወራችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አርጀንቲናዊው ግብ ጠባቂ ኤሚሊያኖ ማርቲኔዝ የፈረንሳዩ ኦሬሊየን ቹዋሜኒ ከመምታቱ በፊት ኳሷን ወደ ጎን ጣላት፤ ቹዋሜኒ ሄዶ አመጣትና ከቋሚው ውጭ መታ። እናንተ አትሂዱ። ባላችሁበት ቆማችሁ ለዳኛው በእጅ አመልክቱና ኳሷ እስክትመጣ ተንፍሱ። መልስ አትስጡ፤ አትሣቁበትም።

ለመንደርደር ስትነሡ ሐሳባችሁ ቢለወጥ፦ በዋናው ዒላማ ምቱ። ብዙዎቹ የለሰለሱ ምቶች በሁለት ሐሳብ መሐል የተመቱ ናቸው። መጠራጠሩ ከመነሣታችሁ በፊት ከመጣ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ትንፋሹን ድገሙት። ሩጫውን ጨርሳችሁ ኳሷ ጋ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ ለማታለል አትሞክሩ፤ ሕጉ ይከለክለዋል፣ በመለያ ምት ላይ እንደ ሳተ ይመዘገባል፣ ቢጫ ካርድም ያመጣል።

ዳኛው «ይደገም» ካሉ፦ ይህ አዲስ ምት ነው። ኳሷን አንሥታችሁ እንደገና አስቀምጡ፣ ሙሉውን ቅደም ተከተል ሥሩ፣ በዚያው ዒላማ ምቱ። ተጠባባቂውን ዒላማ የምትጠቀሙት ጉዳት ወይም የተበላሸ መሬት ዋናውን ከከለከላችሁ ብቻ ነው።

አንሸራትቷችሁ ኳሷ ሁለቱንም እግራችሁን ብትነካ፦ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. የአትሌቲኮ ማድሪዱ ሁሊያን አልቫሬዝ በሪያል ማድሪድ ላይ ያስገባት ምት በዚህ ምክንያት ተሰርዛለች። ከዚያ በኋላ በወጣው ማብራሪያ መሠረት ንክኪው ሳይታሰብ የደረሰ ከሆነና ኳሷ ከገባች ምቱ ይደገማል፤ ካልገባች ግን እንደ ሳተ ይቆጠራል። አምበሉ ይህን ለዳኛው በአክብሮት ያስታውስ፤ መቺው ግን ከክርክሩ ይራቅና ለድጋሚው ይዘጋጅ።

ብትስቱ፦ መሬት ላይ አትውደቁ፣ ማሊያችሁን በፊታችሁ ላይ አትጎትቱ። ቀና ብላችሁ ወደ ክቡ ተመለሱ፤ አምበሉ ከክቡ ጠርዝ ላይ ሆኖ ትከሻችሁን ይያዝ። ይህ የሚደረገው ለሳተው ብቻ አይደለም፤ ቀጣዩ መቺ ያንን እያየ ነው። ሳዲዮ ማኔ እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በግብፅ ላይ በ7ኛው ደቂቃ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት አምክኖ፣ በዚያው ምሽት ለሴኔጋል ዋንጫውን ያስገኘችውን የመጨረሻ የመለያ ምት አስገብቷል።

ከጨዋታው በኋላ፦ በዚያ ምሽት ስለ ምቱ ማንም አይጠየቅ። ወደ ቤት ሲሸኙ፣ በመኪና ሲመለሱ፣ «ለምን በግራ አልመታህም?» የሚል አስተያየት ከአሠልጣኝም ከወንድምም አይሰማ። በሚቀጥለው ልምምድ የመጀመሪያዋን ምት የሳተው ተጫዋች ይምታ፤ አንድ ብቻ፣ ከክቡ ተነሥቶ፣ ፊሽካ ተነፍቶለት። ዒላማዋን መምታት አለመምታቷን፣ ስንት ሰከንድ መቆየቱን በደብተሩ ጻፉና ወደ ሌላው ሥራ እለፉ።